ከሩብ ሰዓት በፊት የነበረው ሰማይ

ሐረር ውሃ በጀሪካን ገዝታ በምትጠጣበት ዘመን፣ መንግሥት ዝናብ የሚለካ ሠራተኛ ላከላት። ዘመኑ 1986 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ፍፁም ይባላል፤ ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰማይ ከማየት ብዛት አንገቱ ወደ ኋላ የተቀለበሰ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበር። ከአውቶቡስ ሲወርድ በአንድ እጁ የቆርቆሮ ሻንጣ፣ በሌላው ጥቁር ዣንጥላ ይዞ ነበር። ዣንጥላውን ያየ ሁሉ ሳቀ። ያን ዓመት ዝናቡ ከመራቁ የተነሳ ሕፃናት ጠብታ ሲነካቸው ደንግጠው ወደ እናቶቻቸው ይሮጡ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በአቦከር በኩል ካለች ጉብታ ላይ በሽቦ የታጠረች ግቢ አለች። በግቢዋ መሃል በአራት እግሯ የቆመች ነጭ የእንጨት ሳጥን፣ በሳጥኗ ውስጥ ቴርሞሜትሮች፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ። ፍፁም በተወሰነለት ሰዓት ሄዶ ያነባል፣ በመዝገብ ያሰፍራል፣ ቁጥሩን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። ከንባቦቹ ሁሉ ግን የከሰዓቷን የዘጠኝ ሰዓቷን የሚያህል አልነበረም። በዚያች ቅጽበት በዓለም ላይ ያለ ታዛቢ ሁሉ፣ ቀን የሆነለትም ሌሊት የሆነበትም፣ እኩል ወጥቶ ያነባል። ፍፁም ይህን ሲሰማ ልቡ ተነካ። አንድ ደቂቃ ቢዘገይ ምድር የምትንገዳገድ ይመስለው ጀመር። ሁሉንም አንብቦ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ይፈጃልና፣ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ሲሆን ከምሳውም፣ ከአልጋውም፣ ከለቅሶ ቤትም ይነሳል። አንድ ጊዜ ወባ ይዞት እየተንዘፈዘፈ ወጥቶ አነበበ፤ የራሱ ሙቀት ከሐረር አየር በአሥራ አራት ዲግሪ እንደሚበልጥም ለማወዳደር ያህል በመዝገቡ ዳር ጻፈ ይባላል።

ደብረ ብርሃን የቀረችው እጮኛው ሦስት ዓመት ጠብቃ በአራተኛው ዳቦ ጋጋሪ አገባች። የላከላት ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምረው በዕለቱ የሙቀት መጠን ነበርና ማንም አልፈረደባትም።

ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ክፍል ተከራየ። የግቢው ባለቤት አው ዐብዱሰመድ ናቸው። «አው» ሐረሪዎች ለአባትና ለታላቅ ሰው የሚሰጡት ማዕረግ ነው፤ ፍፁም በሁለተኛው ቀን ለመደው። አው ዐብዱሰመድ ሃምሳን የጠጉ የፍራፍሬ ነጋዴ፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ፣ ነገር አዋቂ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን እንዲህ ጠየቁት።

«እና፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ዝናብ እለካለሁ።»

«ለክተህ ለማን ትሰጠዋለህ?»

«ለአዲስ አበባ።»

«ዝናቡን?»

«ቁጥሩን ነው እንጂ።»

አው ዐብዱሰመድ ወደ ጓዳ ዞሩ። «ሐዲያ! ነይ ስሚ! የኛን ዝናብ ቆጥሮ ለአዲስ አበባ የሚያስረክብ ሰው አከራይተናል!»

«ይውሰዱት ቁጥሩን» አሉ ወይዘሮ ሐዲያ ከውስጥ። «ዝናቡን ይተዉልን እንጂ።»

በዚህ ዓይነት ሳቅ የተጀመረ ጉርብትና አሥራ ስድስት ዓመት ዘለቀ። ፍፁም ረቡዕና ዓርብ ሲጾም ወይዘሮ ሐዲያ የምስር ሳምቡሳ ይልኩለታል፤ በረመዳን ደግሞ እሱ ከፀሐይ መግቢያ ቀድሞ ከግቢው ፊት ቆሞ «ደርሷል፣ ሁለት ደቂቃ ቀረ» እያለ እንደ ሹም ያውጃል። አው ዐብዱሰመድ ከመስጊዱ አዛን ይልቅ በፍፁም ሰዓት ለማፍጠር የተፈተኑበት ጊዜ ነበር፤ «አስተግፊሩላህ» ብለው ተዉት።

የአው ዐብዱሰመድ የማንጎና የብርቱካን አትክልት ቦታ ከሶፊ ማዶ፣ ኤረር ሸለቆ ውስጥ ነው። ወደዚያ የሚያስኬደው መንገድ የደረቀ ወንዝ ሆድ ነው፤ የአገሩ ሰው በአጭሩ «አሸዋው» ይለዋል። ግራና ቀኙ ቤት የሚያህል ገደል፣ መሃሉ ነጭ አሸዋ። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው አርባ ደቂቃ ያህል መውጫ የለውም። ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በደህና ይመላለስበታል፤ ግን አሸዋው ላይ ፀሐይ ሆኖ ሳለ፣ ራቅ ብሎ ተራራው ራስ ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ድንገት የሚመጣበት ቀን አለ። አው ዐብዱሰመድ ታናሽ ወንድማቸውን በልጅነታቸው ያጡት እንዲህ ነው። «ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነበር» ይላሉ። ከዚህ በላይ አይናገሩም። ይህን ሲሉ ብቻ ነገር አይጨምሩበትም፣ አይቀልዱምም።

በ1998 ዓ.ም. ከግቢዋ አጠገብ ባለችው የጣቢያው ቢሮ ጣሪያ ላይ ትልቅ ሳህን ተሰቀለ። የሐረር ጭልፊቶች፣ ከሰው እጅ ሥጋ መንጠቅ የለመዱት ማለት ነው፣ መታጠቢያ የመጣላቸው መስሏቸው ለሦስት ቀን ተሰለፉ። ሳህኑን የተከለው ሚኪያስ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፍፁምን አስቀመጠና እንዲህ አለው፦

«ይኸውልህ፣ ሳተላይቱ ከኛ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጧል። አፍሪካን በሙሉ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ፎቶ ያነሳታል። ፎቶው አንተ ጋ ለመድረስ ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። ደርድረህ ስታጫውታቸው እንደ ፊልም ይሄዱልሃል።»

ፍፁም አጫወታቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከታች ሆኖ አንጋጦ ያየውን ደመና መጀመሪያ ጊዜ ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየው። ጠዋት ምንም ያልነበረበት ተራራ ላይ ቀትር ሲሆን ነጭ ነጥብ ትወጣለች፤ በሩብ ሰዓት ሳንቲም ታክላለች፤ በሚቀጥለው ሩብ ሰዓት ፈንድታ እንደ ፈንዲሻ ትዘረጋለች፤ ሌላዋ ደግሞ በዚያው ልክ ተነስታ ማንም ሳያያት ትሟሽሻለች። ፍፁም ያን ቀን ምሳ አልበላም። በማግስቱም አልበላም። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ሐዲያ «ሰውየው አስማት ተደርጎበታል» ብለው ባላቸውን ላኩ።

አው ዐብዱሰመድ ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቁንዱዶ በኩል ያለው ተራራ ነው። ይኼ የርስዎ አሸዋ ነው። ይኼ ነጩ ደመና።»

«ሱብሐነላህ። አላህ የሚያየውን እኮ ነው የምናየው።»

«አይደለም አው» አለ ፍፁም በሠራተኛ ጥንቃቄ። «እሱ የሚያየው የአሁኑን ነው። እኛ የምናየው ከሩብ ሰዓት በፊት የነበረውን ነው።»

«ሩብ ሰዓት ምን አላት! ለወንድሜ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ የነገረው ቢኖር ዛሬ ከኔ የባሰ ሽማግሌ ነበር» አሉ። ከዚያ ቀልዱ ጠፋ። እጃቸውን ፍፁም ጉልበት ላይ አሳረፉ። «ቃል ግባልኝ። አሸዋው ጫፍ ደርሼ ስደውልልህ ይቺን አይተህ ግባ ወይም አትግባ በለኝ። ሌላ ኪራይ ካንተ አልፈልግም።»

ፍፁም ቃል ገባ።

ሞባይል ሶፊ እስኪደርስ ሁለት ዓመት ጠበቁ። ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱ ቆመ። አሸዋው አፋፍ ላይ ኔትወርክ የምትይዝ አንዲት ድንጋይ አለች፤ ከእሷ ወርደው አሸዋው ውስጥ ከገቡ ስልክ ማለት ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። አው ዐብዱሰመድ ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብለው ይደውላሉ።

«የደመናው ቃዲ! ልግባ?»

«ትንሽ ይታገሡ አው፣ አዲሷ ፎቶ እየመጣች ነው።»

«ኧረ በናትህ፣ አህያዬ ሸመገለች!»

«መጣች። ንጹሕ ነው። ይግቡ።»

«አልሐምዱሊላህ። ለሳተላይትህ ሰላም በልልኝ።»

ወሬው በሳምንት ውስጥ የጀጎልን አምስት በሮች ዞረ። በርበሬ ያሰጡ ሴቶች መደወል ጀመሩ። ድንኳን የሚተክሉ ሙሽሮች ደወሉ። የኳስ ዳኞች ደወሉ። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የሚሰፋው ዑመር፣ ሥራው ከጣሪያ ሥር ሆኖ ሳለ፣ በቀን ሦስቴ ይደውላል። «ፍፁሜ፣ ዛሬ ሱፍ ልቁረጥ ወይስ ስስ ጨርቅ?» አንዲት እናት ልጇ ለፈተና በሄደበት አገር ደመናው ፊቱን ወደየት እንዳዞረ ጠየቀችው። ፍፁም ለሁሉም መለሰ። በሕይወቱ እንዲህ የተፈለገበት ጊዜ አልነበረም። ድሮ «ዝናብ ቆጣሪው» ይሉት የነበሩት አሁን ሲያልፍ ከመቀመጫቸው ይነሱለታል። እሱም ትንሽ ቀና ቀና ማለት ጀመረ፤ አንገቱ ቀድሞም ወደዚያው ያጋደለ ስለነበር ልዩነቱን ያወቀ ግን የለም።

አንድ ነገር ብቻ አልለወጠም። ለማንም፣ ለዑመር እንኳን ለስስ ጨርቁ፣ አዲሷ ፎቶ ሳትመጣ አይመልስም። አሮጌ ፎቶ አይቶ መናገር ለእሱ የትናንት ጋዜጣ እንደ መሸጥ ነው።

ሚያዝያ 2002 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ቀን፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት አቶ ከበደ የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጡ። ክብ ሆዳቸው ላይ ኮት የቆለፉ፣ ትልቅ የእጅ ሰዓት ያሰሩ ሰው ናቸው። መዝገቦቹን አገላበጡ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም የዘገየ ንባብ የለም። መነጽራቸውን አውልቀው ፍፁምን እንደ ብርቅ አውሬ አዩት።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

«ወባ ላይ?»

«ወባም ላይ።»

«የዛሬውን የዘጠኝ ሰዓቱን አብሬህ አነባለሁ» አሉ አቶ ከበደ። «ለሌሎቹ ጣቢያዎች ምሳሌ አድርጌ ነው የምጽፈው።»

ፍፁም ልቡ እንደ ሙሽራ መታ። ለዘጠኝ አሥራ አምስት ጉዳይ ሲሆን ስክሪኑን አየ። በፊቱ ያለችው የስምንት ተኩሏ ፎቶ ናት። ሰማዩ ንጹሕ ነበር፤ ተራራው ራስ ላይ ብቻ የጥፍር ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ተቀምጣለች። እንዲህ ያሉ ነጥቦችን በሺህ የሚቆጠሩ አይቷል። አብዛኞቹ ሳይወለዱ ይሞታሉ። የምትቀጥለው ፎቶ ልትመጣ ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷታል። አቶ ከበደ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ለዘጠኝ አሥራ ሁለት ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«ቃዲው! ማንጎው ቢጫ ሆኖ ይጠብቀኛል። እዚያው አድሬ ጠዋት ለገበያ አደርሰዋለሁ። ልግባ?»

ፍፁም ስክሪኑን አየ። በሩን አየ። አቶ ከበደ በጣታቸው የሰዓታቸውን መስታወት ሁለቴ መቱ።

«ይግቡ አው» አለ።

«ዛሬ ታገሡም የለ?» አሉ አው ዐብዱሰመድ።

«የለም። ይግቡ፣ ንጹሕ ነው።»

«አላህ ያክብርህ» አሉ አው ዐብዱሰመድ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ፍፁም መዝገቡን ይዞ ወጣ። ነጯን ሳጥን ከፈተ፤ አነበበ። የዝናብ መለኪያውን አነሳ፤ አነበበ። ነፋሱን፣ የደመናውን ዓይነት፣ የማየት ርቀቱን ጻፈ። አቶ ከበደ ከኋላው እየተከተሉ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይሉ ነበር። ተመለሰ፤ ቁጥሩን በስልክ አስተላለፈ። ተቆጣጣሪው እጁን ጨበጡት፤ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ አነሱ፤ ስለ ሐረር ሙቀት አነሱ። ስክሪኑ ፊት ሲቀመጥ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ሆኖ ነበር።

ሁለት ፎቶ ይጠብቁታል። በመጀመሪያዋ ላይ የጥፍሯ ጫፍ እንደ መዳፍ ሆናለች። በሁለተኛዋ ላይ መዳፉ ተራራውን ሁሉ ሸፍኖ፣ መሃሉ ከነጭም በላይ ነጭ ሆኖ ቆሟል። እንዲያ ያለ ነጭ ማለት ደመናው እስከ ሰማይ ጣራ ወጥቶ ከሥሩ ዝናብ በገፍ እያወረደ ነው ማለት ነው። ፍፁም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም» አለች ሴትየዋ በተረጋጋ ድምፅ። ደወለ። አለች። ደወለ። አለች። ከዚያ ወንበሩን ገልብጦ ወጣ። አቶ ከበደ «ምን ሆነ? አቶ ፍፁም!» እያሉ ቀሩ። በባጃጅ እስከ ኤረር በር፣ ከዚያ በአሸዋ ጫኝ ኢሱዙ እስከ አፋፉ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ ሐረር ላይ ፀሐይ ነበር። አፋፉ ላይ ሲደርስ ሰዎች ቆመዋል። ታች ነጭ አሸዋ የለም። ቡናማ ውሃ ከገደል ገደል ሞልቶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ እያጓራ ይሄዳል።

አህያዋ በሕይወት ወጥታ ተገኘች፤ እንዴት እንደሆነ ማንም አላወቀም። አው ዐብዱሰመድን በማግስቱ ከታች፣ ውሃው አሸዋ ከከመረበት ጥግ አገኟቸው። ስልካቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ውሃ ገብቶት ነበር። በዚያው ቀን ቀበሯቸው።

ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። ሴቶቹ ከወይዘሮ ሐዲያ ጋር በግቢው፣ ወንዶቹ፣ አፎቻ የሚባለው የሰፈሩ ዕድር ሰዎች ሁሉ፣ በሠርግም በሞትም የማይለያዩት፣ ከጎረቤት ትልቅ ቤት ነደባ በሚባለው ደረጃ መደብ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ፍፁም በዚህም በዚያም ያገለግል ነበር። ወንበር ያመጣል፤ ውሃ ይቀዳል። በሁለተኛው ቀን ግን ወሬው ከዑመር አፍ ሲወጣ ሰማ።

«ሳይደውል ገባ እኮ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደውል ኖሮ፣ አንድ ቀን ሰነፈ። ፍፁም ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው! ሰው መቼም በራሱ ላይ …»

«አዎ፣ ቢደውል ኖሮ» አሉ ሌሎቹ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አንዱ ፍፁምን ትከሻውን መታ አደረገው። «አይዞህ ወንድሜ። አንተ ምን ታደርግ።»

ፍፁም የያዘው የውሃ ጆግ ከበደው። የሚቀጥለውን ሰው ብርጭቆ ሞላ። ሰዎቹ ሁሉ በፍቅር ዓይን ያዩት ነበር። ሐረር እሱን ከምትወቅስ ሟቹን መውቀስ ቀለላት፤ የሚመልስላት ስልክ አንድ ብቻ ነበራትና።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሐዲያ ራሳቸው ግቢውን አቋርጠው ክፍሉ በር ላይ መጡ። ሁለት ሴቶች ራቅ ብለው ጠበቋቸው። ፍፁም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አሉት። እሳቸው አልተቀመጡም። «የምጠይቅህ ነገር አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ጫማውን ሦስቴ ሳያራግፍ እግሩን የማያስገባ ሰው ነው። ወንድሙን የበላው ቦታ ሳይደውል ገባ ይሉኛል። እውነት ነው?»

ፍፁም መሬት መሬቱን አየ።

«ተናድጄበታለሁ» አሉ ወይዘሮ ሐዲያ። «ገባህ? ሰው ሁሉ ዱዓ ያደርግለታል፤ እኔ ሚስቱ እጄን አንስቼ ቃል አይወጣኝም። ለምን አልደወልክም እያልኩ በሞተ ሰው እቆጣለሁ። ሦስት ቀኔ ነው። እንዲህ ሆኜ መኖሬ ነው?»

«ደውለዋል» አለ ፍፁም።

«ምን?»

«ደውለዋል። ለዘጠኝ አሥራ ሁለት ጉዳይ ላይ። ልግባ አሉኝ። ይግቡ አልኳቸው።» ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀበሉትም። «አዲሷ ፎቶ አልመጣችም ነበር። ስድስት ደቂቃ ብታገሥ ትመጣ ነበር። ሁልጊዜ እታገሣለሁ፤ ያን ቀን አልታገሥኩም።»

«ምን ልታደርግ?»

«የዘጠኝ ሰዓቱን ንባብ ላነብ። ሰው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።»

ወይዘሮ ሐዲያ የበሩን መቃን ያዙ። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ስታለቅስ ይሰማል። በጣም ቀስ ብለው፣ ልክ ገበያ ላይ ስለ አንድ ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቁ።

«እና ምን አነበብክ?»

«እ?»

«ባሌን ትተህ ያነበብከው ነገር። ምን ይላል?»

«ሙቀት ሃያ ስድስት ነጥብ አራት» አለ ፍፁም። «ነፋስ ቀላል።»

«ዝናብስ?»

ወይዘሮ ሐዲያ ጠበቁት።

«ዜሮ» አለ።

«ዜሮ ብለህ ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው እዚያው ቆመው አለቀሱ። መጀመሪያ ጊዜ ነበር ይላሉ ሴቶቹ፤ ያን ሦስት ቀን ዓይናቸው ደርቆ ነበር። ሲጨርሱ ፊታቸውን ጠረጉና ቀና አሉ።

«ደውሎ ነበር» አሉ ለራሳቸው። ቀጥሎ ወደ እሱ፦ «እንግዲያው ውጣና ለወንዶቹ ንገራቸው። እኔ ሄጄ ዱዓ አደርግለታለሁ። አንተን ምን እንደምልህ አላውቅም። ዛሬ አላውቅም። ሂድ።»

ፍፁም መንገዷን ተሻግሮ ወንዶቹ ያሉበት ገባ። ጫማውን አወለቀ። ሰዎቹ ቦታ ለቀቁለት፤ አልተቀመጠም።

«ሳይደውሉ ገቡ የምትሉት ውሸት ነው» አለ። «ደውለዋል። ይግቡ ያልኩት እኔ ነኝ። አዲሷን ፎቶ ሳላይ ነው ያልኩት።»

ዑመር ቀድሞ ብድግ አለ። ፍፁምን ከራሱ ሊያድነው ፈልጎ ነበር።

«ኧረ ተው ፍፁሜ! ሐዘን ነው የሚያናግርህ። ቀደር ነው። አላህ የጻፈውን ማን …»

«ቀደር መሆኑን ከአንተ አንማርም» አሉ ጥግ የተቀመጡት የአፎቻው ሽማግሌ፣ ሸኽ ዓብዱላሂ። «ዝም በል። ልጄ፣ አንተ ንገረኝ። ዐብዱሰመድ ደውሎ ነበር?»

«ደውለዋል።»

«ግባ አልከው?»

«አልኳቸው።»

ሸኽ ዓብዱላሂ ወደ ተቀመጡት ዞሩ። «እንግዲህ ሰማችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ በሟች ላይ የቀጠፋችሁበትን አፍ እጠቡ።» ከዚያ ፍፁምን አዩት። ቁጣ አልነበረም በዓይናቸው፤ ፍቅርም አልነበረም። «ተቀመጥ አልልህም። ሂድም አልልህም» አሉት።

ፍፁም ጥቂት ቆሞ ወጣ።

ከአርባው ቀን በኋላ ሻንጣውን ይዞ ከግቢው ወጥቶ ጣቢያው አጠገብ ያለች ክፍል ገባ። ማንም ውጣ አላለውም። ወይዘሮ ሐዲያ በር ላይ ቆመው ሲወጣ አዩት፤ «በደህና ግባ» አሉት፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ስልኩም ዝም አለች። ተደዋውሎ አድማ የመታ የለም፤ ከተማው ጉባኤ አልተቀመጠም፤ በርበሬ ያሰጡት ሴቶች በቀላሉ ወደ ላይ ማየት ጀመሩ፣ ዑመርም ጨርቁን ሳይጠይቅ ቆረጠ። በዓመቱ የፍፁም ስልክ ከሐረር ጭልፊቶች የበለጠ ነፃ ጊዜ ነበራት። አትክልት ቦታውን ወይዘሮ ሐዲያ ለሶፊ ገበሬ ሸጡት። መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ይነሳቸዋል፤ አንዳንዴ ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ ያላዩት መስለው ያልፋሉ። ሁለቱንም ይቀበላል።

ያ ሐሙስ በሄደ በማግስቱ ግን ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ሲሆን አይነሳም። ሰዓቱ እንደ ድሮው ይሰማዋል፤ እግሩ እንደ ድሮው ይበላዋል፤ ግን ይቀመጣል። የምትመጣውን ፎቶ ይጠብቃል። ስትመጣ ተራራውን ያያል፣ አሸዋውን ያያል፣ ከዚያ ወጥቶ ያነባል። ስለዚህ ንባቡ በየቀኑ ይዘገያል። መጀመሪያ በስልክ ገሰጹት፤ ከዚያ በደብዳቤ፤ ከዚያ የደረጃ ዕድገቱን ከለከሉት። «በቸልተኝነት» ይላል ደብዳቤው። ፍፁም ፈርሞ ተቀበለ።

በ2010 ዓ.ም. አዲስ ኃላፊ መጣች፤ ሣራ ትባላለች፣ ልጁ የምትሆን። ፋይሉን ካነበበች በኋላ አንድ ቀን ለዘጠኝ ስምንት ጉዳይ ላይ ቢሮው ገብታ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው።»

«አያለሁ ልጄ።»

«ምን እየጠበቁ ነው?»

«የሩብ ጉዳዩዋን ፎቶ።»

«የሚደውልልዎ ሰው አለ?»

ፍፁም ስልኩን አላየም። «የለም» አለ።

ሣራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለቱም ስክሪኑን አዩ። ፎቶዋ ከታች ወደ ላይ እየተሳለች መጣች፦ ሶማሌ፣ ኦጋዴን፣ ኤረር፣ ተራራው። አንድም ነጭ ነገር የለም። ፍፁም ጎንበስ ብሎ በጣቱ ተራራውን ነካው፤ ጣቱን አነሳ፤ መዝገቡን ይዞ ወጣ። አንብቦ ሲጨርስ ዘጠኝ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ሆኖ ነበር።